ሁለተኛው ዳሌዬና አለመነሳት

ስለ ዳሌ ሕመም ሲነሳ ሰው የአሮጊቶች ወሬ ይመስለዋል። የእኔ የቀኝ ዳሌ ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜዬ ሞተ። "ሞተ" ያለው ሐኪሙ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ከአፌ አላወጣም። ለሌላ ሕመም ስወስደው የከረምኩት መድኃኒት የጭኔን አጥንት ራስ ደም ነስቶት ኖሯል። አጥንቱ እንደ ረጠበ ስኳር ተናደ። እሱን አውጥተው ብረትና ፕላስቲክ ተኩልኝ። ያን ጊዜ ሐኪሙ፣ "ይህ ነገር ለሽማግሌ ቢሆን ሽማግሌው ቀድሞት ይሄዳል። አንቺ ግን ወጣት ነሽ፤ ብረቱ ቀድሞሽ ያረጃል" ብሎኝ ነበር። እኔ የሰማሁት "ወጣት ነሽ" ያለውን ብቻ ነው።

ብረቱ ለዓመታት ውለታ ዋለልኝ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ ሻጭ ነኝ። ከባንኮኒው ኋላ ረጅም ወንበር አለኝ፤ እዚያ ላይ ሆኜ የሙሽሮችን ጣት እለካለሁ፣ ከእናቶቻቸው ጋር በግራም እከራከራለሁ፣ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ጊዮርጊስ ጀርባ ወዳለው ቤታችን በእግሬ እሄዳለሁ። ደስ ሲለኝ ቸርችል ጎዳናን እስከ ታች ወርጄ ዳገቱን መልሼ እወጣው ነበር። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም፤ ስለቻልኩ ብቻ ነው። በኋላ በኋላ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ጭኔን ይወጋኝ ጀመር። ትንሽ ስራመድ ይተወኛል። የተወኝን ነገር ምን ብዬ ልጠይቀው? ለሐኪም ሳልናገር ቀረሁ።

አሁን ስለ እድራችን ዳኛ መናገር አለብኝ። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ ዳኛ" ነው የሚላቸው። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ኮት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ለእድር ስብሰባ ያረፈደ ሰው ይቀጣሉ፤ አንድ ጊዜ ራሳቸው አርፍደው ራሳቸውን ቀጥተዋል። እሳቸው ሲገቡ ተቀምጦ የሚቀር የለም። እናቴም ያሳደገችኝ በዚሁ ሕግ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ "ኖር!" ብሎ ብድግ ማለት፣ "በእግዜር! ተቀመጪ ልጄ" እስኪባል ድረስም መቆም። ልጅ ሆኜ ሳልነሳ የቀረሁ እንደሆነ የእማዬ ቁንጥጫ ሳምንት ይከርም ነበር። የዛሬ ልጆች ከስልካቸው ሳይነቀሉ "ሃይ" ይላሉ፤ እኔ ግን እግሬ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ነው የሚነሳው።

አንድ እሑድ ከሰዓት እማዬን ጉንፋን ጥሏት ተኝታለች። እኔ ሳሎን ውስጥ፣ ወለሉን ሊነካ ምንም ያልቀረው ሶፋችን ላይ እግሬን አጣጥፌ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። እግር ማጣጠፍም ዝቅ ብሎ መቀመጥም ለእኔ የተከለከለ ነበር፤ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግን ክልከላም ይረሳል። በሩ ተንኳኳና ጋሽ ዳኛ ሕመምተኛ ሊጠይቁ ገቡ። "ኖር!" ብዬ ብድግ አልኩ። ዳሌዬ ግን አብሮኝ አልተነሳም። ውስጤ አንድ ነገር "ጓ" አለ፤ ሽንኩርቱ ተበተነ፣ እኔም እግራቸው ሥር ወደቅሁ። እሳቸው "በእግዜር" ሊሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል። የእኔ አመል ያወጣው ዳሌዬን ነው።

ጋሽ ዳኛ ራሳቸው መንገድ ወጥተው ታክሲ አስቆሙ። የሰፈሩ ጎረምሶች በብርድ ልብስ ተሸክመው ከኋላ አጋደሙኝ፤ እሳቸው ከፊት ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ አንዴም ወደ ኋላ አልዞሩም። እኔ ስጮህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ ይኸው ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ "ምን ሆና ነው?" ብላ ስትጠይቅ፣ "ለእኔ ብላ ነው" አሏት። ነርሷ የገባት አልመሰለኝም።

አደንዝዘው የወለቀውን ዳሌ ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ በተነሳሁት ራጅ ላይ ግን የባሰው ታየ። ብረቱ ከአጥንቱ ተለያይቶ ሲወዛወዝ ኖሯል፤ ሲወዛወዝም ዙሪያውን አጥንቱን በልቶታል። የወለቀው ለጋሽ ዳኛ በመነሳቴ ቢሆንም መላላቱ የቆየ ነበር። ይህንን የሚነግርልኝ ሰው ፈልጌ ነበር፤ ለእሳቸው ስለ ዳሌ ማን ደፍሮ ያውራ!

ቀዶ ሐኪሙ እኔን የሚያክል ሰው ነው። ራጁን መስኮቱ ላይ ደግፎ በእስኪብርቶ እየጠቆመ አስረዳኝ። "አዲስ ቤት መሥራትና የፈረሰ ቤት ማደስ አንድ አይደለም" አለ። "ያንቺ አሁን ሁለተኛ ነው። ባንቺ ዕድሜ ሁለተኛ የሚሠራላቸው ብዙዎቹ ይራመዳሉ፣ ሕመሙም ይቀልላቸዋል፣ ወደ ሥራቸው የሚመለሱም አሉ። እንደ መጀመሪያው ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ቶሎ ሊላላ ይችላል፤ መውለቅም ከበፊቱ ይቀለዋል። ደግሞ ሠርተሽ የምትበዪ ሰው ነሽ፣ ብረቱን እንደ ሽማግሌ አታሳርፊውም።"

"ካልያዘስ ዶክተር?"

"ለሦስተኛ የሚበቃ አጥንት አይታየኝም። ካልያዘ ክራንች ነው፤ ዕድሜ ልክ።"

እማዬ ወደ ውጭ ስንወጣ "አፉ ቅቤ አልቀመሰም" አለች። እኔ ግን ይህን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። "አይዞሽ" የሚለኝ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ምን እንደምፈራ በትክክል የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት የምፀልየው አንድ ነገር ነበር፤ ይያዝልኝ።

የሚገባልኝ ብረት ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ ብዙ ጠበቅሁ። የሥራ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ከእነሱ መካከል አንዷ አፏ ሥራ የማይፈታ የአራዳ ልጅ ናት።

"አንቺ፣ ለሼባ ብለሽ ዳሌሽን አወለቅሽው? ምን ዓይነት ፋራ ነሽ በናትሽ!" አለችኝ ገና ከበር። "ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ነው የሚባለው። አንቺ ሳትጠግቢ ዘለልሽ!"

ስስቅ ያመኝ ነበር። ቢሆንም ከአንድ ቁና አይዞሽ የሷ ስድብ ይሻለኝ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት፣ የወርቅ ቤቱ ባለቤት በቦታዬ ሌላ ሰው እንዳይቀጥር እሷ የእኔን ፈረቃ ደርባ ትሠራ ነበር። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም።

ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር አሉ። እኔ የማስታውሰው ስነቃ በእግሮቼ መካከል የታሰረውን ትራስና አጠገቤ ቁጭ ብላ ያንቀላፋችውን እማዬን ነው። ሐኪሙ በማግሥቱ መጥቶ ብረቱ ደህና መግባቱን ነገረኝ። "እኔ የምችለውን ሠርቻለሁ" አለ። "የቀረው የአጥንትሽ ሥራ ነው፤ በብረቱ ዙሪያ በቅሎ መያዝ አለበት። ለእሱ ወራት ያስፈልጉታል። እስከዚያ ዝቅ ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ እግርሽን እንዳታጣምሪ፤ ከሁሉም በላይ ብድግ እንዳትዪ። ስትነሺ ወደ ወንበሩ ጫፍ ትንሸራተቻለሽ፣ ቀኝ እግርሽን ወደ ፊት ትዘረጊያለሽ፣ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጅሽ ገፍተሽ ቀስ ብለሽ። አሁን ከወለቀ፣ ብረቱ አጥንቱ የጀመረውን ይዞት ነው የሚወጣው።"

"ሰምተሻል?" አለች እማዬ፣ የሰባት ዓመት ልጅ የሆንኩ ይመስል።

ቤታችንን እንደገና የሠራው ሰፈሩ ነው ብል አላጋነንኩም። አንዱ ጎረቤት ከአልጋዬ እግሮች ሥር ብሎኬት አስገብቶ ከፍ አደረገልኝ። ከወልቂጤ በኩል የመጡት ባለሱቅ ጎረቤታችን ወፍራም ስፖንጅ በልክ አስቆርጠው ሶፋው ላይ ደረቡልኝ፤ ያ ወለል የሚስም ሶፋ የንጉሥ ወንበር ሆነ። አናጢውም ለመጸዳጃ ቤቱ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ከፍ ያለ ወንበር ሠራልኝ። ሲያስረክበኝ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ፣ "ጥንካሬው ተሞክሯል" አለ። በማን እንደተሞከረ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር፤ መከራዬም አብሮ ጀመረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰውነቴ ሳያማክረኝ ወደ ፊት ይሰነዘራል። አንዲት ጎረቤት ገብተው "ኖር" ስል ከወገቤ ቀና ብዬ ተገኘሁ፤ እማዬ ከጓዳ "ቁጭ በይ!" ብላ ስትጮህ ሴትዮዋ እሳቸውን ያለች መስሏቸው ዱብ ብለው ተቀመጡ። እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ ይህን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ሌሎቹን ታካሚዎቼን መነሳት ነው የማስተምራቸው" አለችኝ። "አንቺ አለመነሳት ተማሪ።" እውነትም ተማርኩ። እማዬ ጋቢ ለብሳ፣ መጥረጊያውን ምርኩዝ አድርጋ፣ እያሳለች በበሩ ትገባለች፤ እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ብቻ ዝቅ አድርጌ "ኖር" እላለሁ። እሷም "በእግዜር!" ትልና ወጥታ እንደገና ትገባለች። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል እንዲህ ስቀን አናውቅም።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ብዙም ሳይቆይ ጠያቂ ሁሉ ከውጭ በር ጀምሮ "እንዳትነሺ!" እያለ ይገባ ጀመር። እንደምን ዋላችሁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የባለሱቁ ጎረቤታችን ባለቤት ከግቢው መሃል ሆነው "እንዳትነሺ! አሰላሙ አለይኩም!" ሲሉ ድምፃቸው አራት ኪሎ ይሰማል። ወግ አጥባቂዎቹ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በሩ ላይ ቆመው መቀመጤን አይተው ነው የሚገቡት። እድሜ ልካቸውን ሲነሱላቸው የኖሩ ሰዎች ለእኔ ሲሉ ይህን መተዋቸው ዛሬም ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለውን እስከዚያ ድረስ በቃል ነበር የማውቀው።

ሁሉም መጣ፤ ጋሽ ዳኛ ግን አልመጡም።

ጠዋት ጠዋት ከጊዮርጊስ ሲመለሱ ምርኩዛቸው ኮብልስቶኑን ሲመታ እሰማለሁ። ከበራችን ሲደርስ ያቆማል። እማዬ ትወጣለች፣ ዝግ ብለው ያወራሉ፣ ከዚያ ምርኩዙ መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ቀንም ወደ ውስጥ አይዞርም። መጀመሪያ ላይ አስቸኳይ ጉዳይ ይኖራቸዋል አልኩ። ሲደጋገም ተቀየምኩ። እኔ ለእሳቸው ስል እዚህ ደርሼ፣ ደጄ ድረስ መጥተው ፊቴን ሳያዩ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ምናልባት የሰፈሩ ሰው ለእኔ ሲል ባህሉን ጣለ ብለው ይሆናል ብዬም ክፉ ክፉውን አሰብኩ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ አንድ ጠዋት ምርኩዙ ሲርቅ ሰምቼ እማዬን ጮህኩባት።

"ሰውዬው ተጸየፉኝ እንዴ? ቢገቡ ምን ይሆናሉ?"

እማዬ ሻይዬን አስቀምጣ ቆማ አየችኝ። "እንዳልነግርሽ ብለውኝ ነበር" አለች። "በየቀኑ ግቡ እላቸዋለሁ። 'ሌላው ሰው ሲገባ አትነሳ ይሆናል፤ እኔ ከገባሁ ግን ትነሳለች፤ አውቃታለሁ። አጥንቱ እስኪይዝላት ድረስ ከዚህ ደጅ አላልፍም' ነው የሚሉኝ።"

ሻዩን ሳልጠጣው በረደ። እውነታቸውን ነበር። ለሌላው ሁሉ አንገቴን ብቻ ዝቅ ማድረግ ለምጃለሁ፤ ለእሳቸው ግን እንደማልነሳ ርግጠኛ አልነበርኩም።

ወራት አልፈው ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ አዲሱን ምስል ከአሮጌው አጠገብ አድርጎ በእስኪብርቶው እየተከተለ አነጻጸራቸው። እኔ ፊቱን አየዋለሁ። "እየያዘ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር እያሳየኝ። "ይህ አጥንት ቀድሞ እዚህ አልነበረም። ግን ገና ለጋ ነው። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳትሳሳቺብኝ።" ከዚያ ክፍል ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ደስታም ፍርሃትም ነበር፤ የሚጠፋብኝ ነገር ሳገኝ ፍርሃቴ ባሰ።

በዚያው ሳምንት እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ሄጄ ማመስገን አለብኝ አልኩ። እማዬ ከሐኪሙ በላይ ከለከለችኝ፤ ግን ያን ሁሉ የተደረገልኝን ነገር ዝም ብዬ መዋጥ አልቻልኩም። የምናገረውን ማታ ማታ ሳጠናው ሰንብቻለሁ። ስፖንጄን በብብቴ፣ ክራንቼን በእጄ ይዤ፣ እማዬን አስከትዬ ወደ እድሩ ቤት አዘገምኩ። ሰፈራቸው ፈርሶ ርቀው ኮንዶሚኒየም የገቡት አባላት ሳይቀሩ በታክሲ መጥተዋል። እድሩ ቤት ውስጥ ያለው ያው የድሮው አግዳሚ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ መደገፊያ የሌለው። ስፖንጁን ከሥሬ አድርጌ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። መቀመጡ ቀላል ነበር። እንዴት እንደምነሳ ግን አላሰብኩበትም፤ እማዬ ትደግፈኛለች ብዬ ነበር፣ እሷን ደግሞ ሴቶቹ ሰላም ሲሉ ወስደው ማዶ አስቀመጧት።

ጋሽ ዳኛ አስቀድመው ገብተው ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ነበር። ለወትሮው ሰው ሞልቶ ነው የሚገቡት። አዩኝ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወረቀታቸውን ማየት ቀጠሉ።

ጸሐፊው ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንደ ደንባችን ለተለዩን አባሎቻችን በህሊና ጸሎት እንጀምራለን። እንነሳ።"

አግዳሚዎቹ ሁሉ ተንጫጩ። ከፊቴ ያሉት አሮጊት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ፣ ከጎኔ ያለው ሰው ተነሳ፣ ለሙት ነው የሚነሳው፤ ከሙታኑ መካከል የእኔም አባት አለ። ክራንቼ ወለሉ ላይ ወድቋል። የምገፋው መደገፊያ የለም። ተቀመጥ ስለው ሰውነቴ እምቢ አለኝ፤ መዳፎቼ አግዳሚው ላይ አርፈዋል፣ ወገቤ ወደ ፊት አጎንብሷል፣ ጭኔ ውስጥ ያንን የማውቀውን መሳብ ሰማሁት። እማዬ ከማዶ "ወይኔ" ስትል ይሰማኛል።

ጠረጴዛው በመዳፍ ተመታ።

"ተቀመጡ!"

ጋሽ ዳኛ ናቸው። እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሱም ነበር። ሰው ሁሉ ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ ጎንበስ ብሎ ቀረ። "ዛሬ ጸሎቱ ተቀምጠን ነው" አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

ከኋላ አንድ ሰው፣ "ጋሽ ዳኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለሙት ተቀምጦ መጸለይ የት አገር ነው የታየው? ሙቶቹ አይቀየሙም?" አለ።

"የቀበርኳቸው እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ዳኛ። "አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አይቀየሙም። ተቀመጥ።"

ሰውዬው ተቀመጠ። ሁሉም ተቀመጠ። ጋሽ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሌላውም ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔ ግን ስለ ሙታን ማሰብ አልቻልኩም፤ አባቴ ይቅር ይበለኝ። ወገቤን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ መለስኩ፣ መዳፎቼን ከአግዳሚው አላቀቅሁ፣ እንባዬ በጉንጬ እየወረደ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ለእኔ ሲሉ ተቀምጠው ያጎነበሱትን ራሶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ያጠናሁትን ምስጋና አንድም ቃል አላስታወስኩም። ዳሌዬ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።